ስም ሳይወጣ እንዴት እንርዳ?

በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን የመረዳጃ ኮሚቴ ውስጥ አገለግላለሁ። ሰጪ አላጣንም። በየወሩ የሚዋጣ ገንዘብ አለ። የታመመ ለመጠየቅ፣ ልጅ ለመያዝ፣ አረጋዊ ሐኪም ቤት ለማድረስ የተመዘገቡም ብዙ ናቸው። የጠፋው ጠያቂ ነው። ችግረኛ ስለሌለ አይደለም፤ ሰው ስለሚያፍር ነው።

መጀመሪያ ከአገልግሎት በኋላ ማስታወቂያ አስነገርን። የመጡት ሁሌም የሚመጡት ናቸው። ቀጥለን በሩ አጠገብ ሣጥን አስቀመጥን። አንድ እሑድ ስንከፍተው አራት ቦታ የታጠፈች ብጣሽ ወረቀት አገኘን፦ «የቤት ኪራይ አቅቶኛል፤ ልጆቼ እንዳይሰሙ።» ስም የለ፣ ስልክ የለ። ማን እንደጻፋት እስካሁን አናውቅም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ከዚያ ጥያቄዎቹን ሁለት ሰዎች ብቻ ይዩ የሚል ሐሳብ መጣ። ገንዘብ ያዣችን ግን አሻፈረኝ አለ። ኦዲተሩ የተቀባይ ስምና ፊርማ ይፈልጋል፤ ያለ ደረሰኝ ወጪ አላደርግም ነው የሚለው። እውነቱን ነው፤ ገንዘብ ባለበት ሐሜት አይጠፋም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንኳ ሰባቱ አገልጋዮች የተመረጡት በመበለቶች የዕለት ምግብ ላይ ማጉረምረም ስለተነሣ ነው። ማቴዎስ 6 ደግሞ ቀኝ እጅህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ይላል። እኛ መሀል ላይ ቀርተናል።

የተረጂው ስም ከሁለት ሰው ሳያልፍ ሒሳቡ ኦዲት የሚያልፍበት አሠራር ያላችሁ፣ ደረሰኙንና መዝገቡን እንዴት ነው የምትይዙት?