ጎዶ አይመጣም፤ ታዲያ ምን እያየን ነው?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር የአየርላንዳዊውን ጸሐፊ የሳሙኤል ቤኬትን ተውኔት «ጎዶን በመጠበቅ» በቪዲዮ አየን። ላላዩት ባጭሩ፦ ቭላድሚርና ኤስትራጎን የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ዛፍ ሥር ሆነው ጎዶ የሚባል ሰው ይጠብቃሉ። ሲመሽ አንድ ልጅ ይመጣና ጎዶ ዛሬ እንደማይመጣ፣ ነገ ግን እንደማይቀር ይነግራቸዋል። በሁለተኛው ገቢርም ያው ነው። ዛፉ ጥቂት ቅጠል አውጥቷል እንጂ ጎዶ አልመጣም። ሲያልቅ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ይሄ የእኛው ኑሮ ነው» አለ። ግማሹ «ከጦርነት የወጡ አውሮፓውያን ብሶት ነው፣ እኛን አይመለከትም» አለ። እኔ መወሰን አቃተኝ። ይህ አብሰርድ ወይም ወለፈንድ የሚባለው፣ ሕይወትን ትርጉም እንደሌላት አድርጎ የሚያሳየው ቴአትር የዛሬውን ሰው ሕይወት ያሳያል ትላላችሁ?

ታሪክ ወዳድ፦ አያሳይም ባይ ነኝ። ከየት እንደመጣ እንይ። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) የወለፈንድን ሐሳብ ያብራራው ፈረንሳዊው ጸሐፊ አልበርት ካሙ፣ ድንጋይ ወደ ተራራ ለዘላለም እንዲገፋ ስለተፈረደበት የግሪክ አፈ ታሪክ ሰው ስለ ሲሲፈስ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1942 ነው። ያኔ ፓሪስ በጀርመን ጦር እጅ ነበረች። በዚያው ዓመት ቤኬት የነበረበት፣ ጀርመኖችን የሚታገል የኅቡዕ ቡድን ተጋለጠ። እሱም ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሸሽቶ፣ ገጠር ውስጥ እርሻ እየሠራ ክፉውን ቀን አሳለፈ። ተውኔቱን በ1948 እና በ1949 ጻፈው። በጃንዋሪ 1953 ፓሪስ ውስጥ መድረክ ላይ ወጣ። ቁስሉ የዚያ ትውልድ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ጠዋት ሲነሳ «ተመስገን» የሚል፣ ሐዘን ቢደርስበት ድንኳን የሚተክልለት ዕድር ያለው ሰው «ሕይወት ትርጉም የላትም» የሚለውን ከየት ያመጣዋል? ቁስሉ ያልደረሰበትን ሰው «አንተም ታመሃል» ማለት ልክ አይመስለኝም።

የቴአትር መምህርት፦ ወንድሜ፣ የተወለደበትን ቦታ በትክክል ነግረኸናል። ያደገበትን ግን ዘለልከው። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1956 ማያሚ ላይ ነው። «ሁለት አህጉር ያሳቀ» ተብሎ ነበር የተዋወቀው። ሊዝናና የመጣው ባለገንዘብ ተመልካች ብዙው ጥሎ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ የሳን ፍራንሲስኮ ተዋንያን ሳን ኩዊንቲን እስር ቤት ገብተው ወደ 1,400 ለሚሆኑ እስረኞች አሳዩት። ተዋንያኑ እንዴት እንደሚቀበሏቸው ሰግተው ነበር። እስረኞቹ ግን በጸጥታ ተከታተሉት። ሪክ ክሉቺ የሚባል የዕድሜ ልክ እስረኛ ከክፍሉ እንዲወጣ ስላልተፈቀደለት በድምፅ ማጉያ ሰማው። በኋላ እዚያው እስር ቤት ውስጥ የቴአትር ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ሲፈታም ከራሱ ከቤኬት ጋር ሠራ። እነዚህ ሰዎች ተውኔቱን የተረዱት የአውሮፓን ፍልስፍና አጥንተው አይመስለኝም። መጠበቅ ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው።

የቅኔ ተማሪ፦ እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። እኛ ሰምና ወርቅ እየፈለግን ያደግን ነን። ተውኔቱን ሳይ ሙሉውን ጊዜ ወርቁን ስፈልግ ነው ያለቀብኝ። ጎዶ እግዚአብሔር ነው? ሞት ነው? ነፃነት ነው? ቤኬት ራሱ ሲጠየቅ፣ ቢያውቅ ኖሮ ተውኔቱ ውስጥ ይናገረው እንደነበር መለሰ። ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን የሚነፍግ ቅኔ እኔ አልተማርኩም።

ከጀርመን፦ መምህርት ስለ እስረኞቹ ሲጽፉ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ የጥገኝነት ውሳኔ ስጠብቅ 4 ዓመት ቆይቻለሁ። መሥራት አይፈቀድልኝም ነበር። በየጠዋቱ የፖስታ ሳጥኑን ከፍቼ አያለሁ። ባዶ ነው። ስደውል «በሂደት ላይ ነው፣ ጠብቅ» ይሉኛል። የሚመልሰው ሰው ይለያያል፣ ቃሉ ግን አንድ ነው። የተውኔቱ ልጅ የሚያመጣው መልእክት ማለት ነው። ከአንድ ኤርትራዊ ጋር አንድ ክፍል እንኖር ነበር። በሻይ ማፍያ እንጣላለን፣ በሽንኩርት እንታረቃለን። በሳምንት ሁለቴ «ሌላ አገር እንሂድ» እንባባላለን። ቦርሳ እናወጣለን። ከዚያ መልሰን አልጋ ሥር እንከተዋለን። ተውኔቱ የሚያልቀው ሁለቱ «እንሂድ» ተባብለው ሳይንቀሳቀሱ ሲቀሩ ነው። እዚያ ላይ ስደርስ ቪዲዮውን አቁሜ ወጣሁ። ጎዶ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቼ አላውቅም፣ ወንድሜ የቅኔ ተማሪ። የሚጠብቅ ሰው የሚያስበው ስለዛሬ ምሽት ነው።

ታሪክ ወዳድ፦ ወንድሜ፣ ይህን ስላካፈልከን አመሰግናለሁ። ግን የአንተ ታሪክ የእኔን ሐሳብ ያጠነክረዋል። አንተን ያስጠበቀህ ሕይወት አይደለም፣ መሥሪያ ቤት ነው። እስረኛውንም ያስጠበቀው ሕግና ግንብ ነው። የሚያስጠብቅ ሰው ስም አለው፣ ወንበር አለው፣ ፊርማ አለው። ይህ ቴአትር ግን አስጠባቂውን ከመድረክ ያጠፋውና «የሰው ዕጣ ነው» ይለናል። በደልን ዕጣ ማለት በዳዩን ነፃ ማውጣት ነው። የምቃወመው ለዚህ ነው።

ጥያቄ አቅራቢ፦ ይሄ ከባድ ነው። ጓደኞቼ ጋ እንኳን አልተነሳም።

ተዋናይት፦ ታሪክ ወዳድ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው፣ ግን ሁሉንም በቤኬት አትለካ። ሩማንያ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረውን የሌላውን የወለፈንድ ጸሐፊ የዮኔስኮን «አውራሪስ» አንብበኸዋል? በ1959 መድረክ ላይ የወጣ ነው። የአንዲት ከተማ ሰዎች አንድ በአንድ አውራሪስ ይሆናሉ። አለቃው፣ ጓደኛው፣ ፍቅረኛው። እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት አለው። ቤራንዤ ብቻ ሰው ሆኖ ይቀራል። ዮኔስኮ ይህን ከአየር ላይ አላመጣውም። በ1930ዎቹ ሩማንያ ውስጥ የሚያውቃቸው ሰዎች ወደ ፋሺስቶቹ ሲጎርፉ አይቷል። እዚያ ውስጥ ጥፋተኛው አልተደበቀም። ጥፋተኛው ትናንት አብሮህ ቡና የጠጣው ሰው ነው። ልምምድ ላይ የጓደኛውን ክፍል ስንሠራ እኔ እውነት ፈርቻለሁ። ድምፁ እየሻከረ እየሻከረ ሲሄድ አውቀዋለሁ አልኩ። በወሬ ሰሞን ስልክ ላይ የሰማሁት ድምፅ ነው።

የቴአትር መምህርት፦ የቦስኒያን ዋና ከተማ ሳራዬቮንም አንርሳ። በ1993 ከተማዋ በጦርነት ተከባ፣ መብራት ጠፍቶ፣ አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ «ጎዶን በመጠበቅ»ን እዚያ አዘጋጀች። መድረኩ የበራው በሻማ ነው። ተመልካቹ ተኳሽ ባደባበት ከተማ ውስጥ አቋርጦ መጣ። አስጠባቂያቸው ማን እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም ነበር። ከተማዋን ከብቦ ተራራው ላይ ነው። እያወቁም መጡ።

ታሪክ ወዳድ፦ መምህርት፣ ያንን ዝግጅት እኔም አነበብኩት። ሶንታግ ያሳየችው አንደኛውን ገቢር ብቻ መሆኑን ግን አልነገሩንም። ጎዶ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀር እንዲያዩ አልፈለገችም። ራሷ ጽፋዋለች። በጣም የምታምንበት ሰው እንኳን ግማሹን ከቆረጠችው፣ ተውኔቱ ለተጨነቀ ሕዝብ የማይሰጥ ነገር አለው ማለት አይደለም?

የቴአትር መምህርት፦ ልክ ነህ፣ መናገር ነበረብኝ። ውሳኔዋ ከአዘኔታ የመጣ ነው። እኔ ግን አልስማማበትም።

የቅኔ ተማሪ፦ እኔ አሁን ስለ ወርቁ ያልኩትን እያሰብኩበት ነው። አልተውኩትም፣ ግን ሁለተኛውን ገቢር ደግሜ አያለሁ።

ከጀርመን፦ እየው። ሁለተኛው ገቢር ውስጥ አንድ ነገር አለ። ኤስትራጎን እንቅልፍ ይወስደዋል። ቭላድሚር ካፖርቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግለታል። ከዚያ እሱ ራሱ ይበርደውና እንዲሞቀው እጁን እያወዛወዘ ይመላለሳል። አንደኛው ገቢር ብቻ ከታየ ይህ ይቀራል። ታሪክ ወዳድ፣ ስለ አስጠባቂው ያልከውን ተቀብያለሁ። ያስጠበቁኝን ሰዎች አልረሳሁም፣ ይቅርም አላልኩም። ያ ካፖርት ግን የእነሱ አይደለም። የእኔ ደብዳቤ ቀድሞ መጣ። የክፍል ጓደኛዬ ሌላ 7 ወር ጠበቀ። በየእሑዱ በባቡር እየሄድኩ ሽንኩርት እንከትፍ ነበር።