ማይክሮቢቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም

ጠያቂ (እናት፣ አዲስ አበባ)፦
ሰላም ናችሁ። ወንድሜ ከእንግሊዝ ሲመጣ ለልጆቼ አንድ ማይክሮቢት (ልጆች ኮድ የሚማሩበት ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ) ይዞላቸው መጣ። ልጄ 11፣ እህቱ 8 ዓመቷ ነው። ሜክኮድ በሚባለው የኮድ መሥሪያ ድረ ገጽ ላይ የልብ ምስል የሚያበራ ኮድ ሠሩ። ቦርዱን በድሮ ስልኬ ቻርጀር ገመድ ሰካነው። መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያሳይም። ተበላሽቶ ይሆን? እኔ ኮድ አልችልም፣ ኢንተርኔታችንም ይቆራረጣል። ጉጉታቸው ሳይበርድ እርዱኝ።

መልስ (የአይሲቲ መምህር፣ ባሕር ዳር)፦
አይዞሽ እህቴ፣ ቦርዱ ደህና ይመስለኛል። ገመዱን ጠርጥሪ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ገመዶች አሉ፤ ኤሌክትሪክ እንጂ ዳታ አያሳልፉም። እኔንም ሙሉ ክፍለ ጊዜ አቃጥሎብኛል። በዚያው ገመድ የድሮ ስልክሽን ኮምፒውተሩ ላይ ሰኪና ፋይል ማስተላለፍን ፍቀጂ። ፎቶዎችሽ ካልታዩ ገመዱን ቀይሪ። ደህና ገመድ ሲሰካ ማይክሮቢት የሚል ድራይቭ እንደ ፍላሽ ብቅ ይላል። ያወረዳችሁትን ፋይል እዚያ ላይ ኮፒ ማድረግ ነው። ሜይንተናንስ የሚል ድራይቭ ከመጣ ግን ስትሰኪ የሪሴት ቁልፏን ተጭነሻል ማለት ነው። ንቀይና ሳትነኪያት መልሰሽ ሰኪ።

ሜክኮድ አንዴ በብራውዘር ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ መስመር ቢጠፋም ይሠራል። በስክሪኑ ጎን ያለው ምስል ቦርድም ኮዱን ያስኬዳል። ስለዚህ አንዱ ቦርዱን ሲይዝ ሌላዋ እዚያ ትሞክር።

መልስ (የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ አዳማ)፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከኮምፒውተር ሲነቀል በሁለት ቀጫጭን የሪሞት ድንጋይ ይሠራል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 3 ቮልት ነው። ባለ 9 ቮልት ድንጋይ እንዳታገናኙበት፣ ይቃጠላል።

መልስ (አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦
ኮድ አለመቻልሽ አያሳስብሽ። ዋናው ነገር ማውሱን ከእጃቸው አለመውሰድ ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ስህተታቸውን ራሴ እያረምኩ ልጄን አሰለቸኋት። አሁን "ምን እንዲሆን ፈልገሽ ነበር? ምን ሆነ?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ዝም። ብዙ ጊዜ ራሷ ታገኘዋለች።

ፊደልም ሞክሩ። ቦርዱ ጽሑፍ ሲያሳይ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ 25ቱን መብራቶች አንድ በአንድ እያበሩ መሳል ግን ይቻላል። "በ" ቀላል ነው፦ ከላይ አንድ መስመር፣ ሁለት እግር። "ጨ" ግን 5 በ5 ላይ እጅግ ያስቸግራል። ልጄ የስሟን ፊደሎች ስትሥል አንድ ቅዳሜ ሙሉ አለፈ። እዚህ ተወልዳ ፊደል እምቢ ያለችኝ ልጅ ናት።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ገመዱ ነበር። የጎረቤታችንን ስንሰካ ወዲያው መጣ። ትንሿ "ሀ"ን ሥላ ለአያቷ ለማሳየት ይዛ ሮጠች። ትልቁ ደግሞ በረንዳ ላይ ያለው ጎመን ሲጠማው የሚናገር ነገር ልሥራ ይላል። ይቻላል?

መልስ (የአይሲቲ መምህር፣ ባሕር ዳር)፦
በደንብ ይቻላል። ሁለት ሚስማር አፈሩ ውስጥ አራርቃችሁ ትከሉ። አንዱን በሽቦ ቦርዱ ጠርዝ ላይ 1 ከሚለው ቀዳዳ (ፒ1)፣ ሌላውን 0 ከሚለው (ፒ0) ጋር አገናኙ። ኮዱ ፒ1ን ያብራ፣ በፒ0 ያንብብ፣ ወዲያው ፒ1ን ያጥፋ። ኤሌክትሪክ ዘወትር ካለፈበት ሚስማሩ ቶሎ ይበላል። ንባቡ ከ0 እስከ 1023 ነው፤ አፈሩ ሲረጥብ ከፍ፣ ሲደርቅ ዝቅ ይላል። ጎመኑን ከማጠጣታችሁ በፊትና በኋላ ያነበበውን ልጁ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። "ጠማኝ" የሚልበትን ቁጥር ከዚያ ራሱ ይምረጥ።