ሰብል ጥበቃ ልማር ወይስ ይቅርብኝ?

ጣናዊት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ባሕር ዳር በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄያለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ልቤ ያለው ሰብል ጥበቃ ላይ ነው፣ በተለይ ከውጭ የሚመጡ ተባዮችን ሳይገቡ መከላከል ላይ። ቤተሰብ ግን «መድኃኒት ለመርጨት ይህን ያህል መማር ምን ያደርጋል?» እያለ ነው። በሙያው ያላችሁ፣ ሥራው እውነት እንደዚያ ነው?

የደንቢያው፦
እህቴ፣ ቤተሰብሽን ጎርጎራ ድረስ ወስደሽ እምቦጩን፣ ጣና ላይ የተንሳፈፈውን መጤ አረም፣ አሳያቸው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አበባው ስለሚያምር ሰው ራሱ ነው በዓለም ያዞረው። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በፈረንጆቹ 2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅላል፣ ማሽንም መጣ፣ ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ተነቀለ ሲባል እንደገና ይበቅላል። ገና ጥቂት ሳለ አይቶ የሚጮህ ባለሙያ ነው ያጣነው።

ማሳ ዟሪ፦
መርጨት መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ዋናው ሥራ ተባዩ በምን መንገድ እንደሚጓዝ ማወቅ ነው፤ መንገዳቸው ደግሞ አንድ አይደለም። የአሜሪካ መጤ ተምችን ውሰጂ። አፍሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2016 ታየ፣ በ2017 እኛ ጋ ገባ። ትሉ አድጎ የሚሆናት የእሳት ራት በአንድ ሌሊት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ስለምትችል ኬላ አያቆማትም። እዚህ ላይ የሚያዋጣው በቆሎውን እየዞሩ ማየት፣ ወጥመድ መስቀል፣ ትሉን በትንሽነቱ መያዝ ነው። ካደገ በቆሎው ልብ ውስጥ ገብቶ በኩሱ ይደፍነዋል፣ ያኔ ብትረጪም አታገኚውም። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ (Y) የመሰለ ምልክት፣ ጭራው አጠገብ አራት ጥቁር ነጥብ ካየሽ እሱ ነው።

የማንጎ ነጭ ስኬል የምትባለው ማንጎ የምታጠቃ ትንሽ ነፍሳት ግን ሌላ ናት። ሴቷ ክንፍ የላትም፣ ቅጠል ላይ ተለጥፋ ነው የምትኖረው። በፈረንጆቹ 2010 ወለጋ ታየች፤ ከዚያ ወደ ሌሎች የማንጎ አካባቢዎች ስትዛመት ሩቅ ለሩቅ የሚያደርሳት በዋናነት ችግኝና ፍሬ ጭኖ የሚሄድ ሰው ነው። እሷን ፍተሻ ይይዛታል! ስለዚህ ነፍሳትን፣ በሽታንና አረምን መለየት በደንብ ተማሪ፤ የኳራንታይን ሕጉንም፣ ተባይ ያለበት ጭነት እንዳይገባ የሚያግደውን፣ አትዝለዪው፣ ብዙ ተማሪ ይሰለቸዋል፣ ግን ጭነት የምታስቆሚው በእሱ ነው።

የዘጌ ልጅ፦
ዘጌ እንደምታውቁት መሬት አይታረስም፣ ኑሯችን ቡናና ጌሾ ነው። አንድ በሽታ ቢገባብን በምትኩ ጤፍ እንዝራ የምንልበት መንገድ የለም። ችግኝ ግን በጀልባም በመኪናም ይመጣል፣ ከየት ነው ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። እባክሽ ተማሪው።

ጣናዊት፦
በጣም አመሰግናለሁ። የመመረቂያ ጥናቴን በችግኝ ንግዱ ላይ ባደርገው ያስኬዳል?

ማሳ ዟሪ፦
በደንብ ያስኬዳል። ከችግኝ ጣቢያው ተነሺና ገዢው ጓሮ ድረስ ተከተዪው። ቅጠሉን ገልብጠሽ ጀርባውንም እዪ፣ አፈሩንም አትርሺ፤ ሥሩ ላይ ያለው አፈር ራሱ ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል።