ለቡና ንግድ የትኛውን የጭነት መኪና ልግዛ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ላይ በቡና ንግድ እተዳደራለሁ። እስከ ዛሬ በኪራይ መኪና ስሠራ ቆይቼ ዘንድሮ ሦስት የራሴን መኪኖች ለመግዛት አስቤአለሁ። ከአጋሮና ከጌራ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሰብስቤ እዚህ ካስፈለፈልሁ በኋላ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ሦስቱንም አይሱዙ ኤፍኤስአር ላድርጋቸው ወይስ አንዱን ሲኖትራክ?

የመጋዘን ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ ከመኪናው ስም በፊት ጭነቱን ያስቀድሙ። ጀንፈል ከነገለባው ስለሚጫን መኪናው የሚችለው ኩንታል ሳይሞላ ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) ይሞላል፤ የተፈለፈለው ቡና ግን ካሶኒው ገና ጎደሎ ሳለ የመኪናውን አቅም ይጨርሳል። ስለዚህ ለመሰብሰቢያ ጎኑ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ኤንፒአር (ከኤፍኤስአር አነስ ያለው አይሱዙ)፣ ለአዲስ አበባው ደግሞ ኤፍኤስአር ይሻልዎታል። ሲኖትራክ ጥቅምት ላይ ዝናብ ጥሎ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ቀበሌ ቢገባ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ማደሩ አይቀርም።

የመስመሩ ሹፌር፦ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ መኪናን የሚፈትነው ከአበልቲ ወደ ጊቤ ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ የሞተር ፍሬኑ የማይሠራ መኪና ተሰጥቶኝ፣ በእግር ፍሬን ብቻ እያስያዝሁ ወርጄ ድልድዩ ጋ ስደርስ የፍሬን ሸራው ሽታ ካቢናውን ሞልቶት ነበር፤ ጎማዎቹ እስኪበርዱም ከረዳቴ ጋር በዚያ በረሃ ሙቀት ሁለት ሰዓት ተቀምጠናል። ከመክፈልዎ በፊት መኪናውን ጭነት አስጭነው ቁልቁለት ላይ ያስሞክሩት።

መካኒክ፦ ያገለገለ ከሆነ ከካቢናው ኋላ ያለው ቻሲ (መኪናው የተሠራበት ዋናው ብረት) በብየዳ የተነካ መሆኑን፣ የተደራረበው ባሌስትራም (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ) በኋላ የተጨመረ መሆኑን ይዩ፤ ሁለቱም ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት የኖረ መኪና ምልክቶች ናቸው። የቻሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ።

ነጋዴ፦ እኔ ግን ሦስት መግዛቱን አልደግፍም፤ ቡናው የሚበዛው ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሆነ በክረምት ሦስቱም ቆመው የሹፌር ደመወዝ ይበላሉ። የመልስ ጭነት አገኛለሁ ካሉም ይጠንቀቁ፦ ቡና ሽታ ስለሚስብ፣ ማዳበሪያ ወይም የናፍታ በርሜል የጫነ ካሶኒ ታጥቦ ሳይደርቅ ቡና አይጫንበትም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጀንፈሉን ነገር በራሴ መጋዘን እያየሁት ልብ ሳልለው ኖሬአለሁ። አንድ ኤንፒአርና አንድ ኤፍኤስአር እገዛለሁ፤ ሦስተኛውን ለከርሞ አቆይቼዋለሁ።