የእናቴ ውስጥ እግር ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ በስልክ አፕ ማወቅ ይቻላል?

የጉለሌዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ተረከዟ አጠገብ ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ነጥብ አላት። አምና የምስር ፍሬ ያህል ነበር፣ አሁን ሰፍቷል፣ ዳሩም ወጣ ገባ ሆኗል። አያማትም። "እሾህ ወግቶኝ ነው፣ ተዉኝ" ትላለች። አሜሪካ ያለችው እህቴ ፎቶ አይቶ ካንሰር መሆኑን የሚናገር አፕ ላከችልኝ። ሁለቴ ሞከርኩት፤ አንዴ "ስጋቱ ዝቅተኛ"፣ አንዴ "ከፍተኛ" አለኝ። የቱን ልመን?

ነርስ ነኝ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አትመኚ። ብዙዎቹ አፖች የተማሩት በነጭ ቆዳ ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን በጥቁር ቆዳ ፎቶ ሲፈትኗቸው ውጤታቸው ወርዷል። ደግሞ እኛ ላይ ሜላኖማ (አደገኛው የቆዳ ካንሰር) በብዛት የሚወጣው ፀሐይ የማይነካው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ቦብ ማርሌይም በ1977 የእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ተገኝቶበት በ1981 ገና በ36 ዓመቱ ነው ያረፈው።
የቆዳ ሐኪም ጋ ውሰጃትና "በደርማቶስኮፕ ይታይልኝ" በዪ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ፣ መብራት ያለው ትንሽ መነጽር ነው፣ ከላይኛው ቆዳ ሥር ያለውን ቀለም ያሳያል። ውስጥ እግር ላይ እንደ ጣት አሻራ ያሉ መስመሮች አሉ አይደል? ቀለሙ ጎድጎድ ያለውን ከተከተለ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው፣ ከፍ ከፍ ያለውን ከተከተለ ግን ያሰጋል።

ከሜሪላንድ፦ እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ዴርማሴንሰር የሚባል መሣሪያ ተፈቅዷል፤ ቆዳው ላይ ብርሃን ልኮ የሚመለሰውን ያነባል። እሱም ቢሆን ለጠቅላላ ሐኪም "ወደ ቆዳ ሐኪም ላክ" የሚል ምክር ነው የሚሰጠው። ቁርጡን የሚነግርሽ ባዮፕሲ ብቻ ነው፣ ከቆዳው ናሙና ተቆርጦ ሲመረመር ማለት ነው።

የጉለሌዋ፦ ባዮፕሲ ስላት "ቢላ ከነካው ይሰራጫል" ብላ እምቢ አለችኝ እኮ!

አበበ፦ አጎቴም እንደዚሁ ይል ነበር። አንድ ክሊኒክ ኪንታሮት ነው ብሎ ዓመት ሙሉ ቅባት ሲቀባው ከረመ፣ በኋላ ናሙና ሲወሰድ ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። ባዮፕሲ ካንሰር አያሰራጭም፣ ያሰራጨው ያባከንነው ጊዜ ነው። እባክሽ አትዘግዪ። አዲስ አበባ ከሆንሽ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው።

ነርስ ነኝ፦ የአምናው ፎቶ ካለሽ ይዘሽ ሂጂ። ለውጡን ማየት ለሐኪሙ ብዙ ይረዳዋል።

የጉለሌዋ፦ ከልደቷ ቀን ፎቶዎች ውስጥ እግሯ የሚታይበት አንድ አገኘሁ። ሰኞ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ።