የዝዋይ ሐይቅ ደለል የጋራ ምርምር ዕቅድ፦ ረቂቁን ስለማጥበብ

አስተባባሪ፦ የመጀመሪያው ረቂቅ ሁሉንም ሐይቅና ሁሉንም ብክለት ለመያዝ ሞክሯል። ዝዋይና ዲዲቲ (ቶሎ የማይጠፋ፣ ክሎሪን ያለበት የነፍሳት ማጥፊያ) ላይ ብቻ እንወሰን እላለሁ። ጥያቄያችንም አንድ ይሁን፦ ኦክስጅን በሌለበት ደለል የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከዲዲቲ ላይ ክሎሪን ይነቅላሉ ወይ? ይህን ጭቃውን በጠርሙስ አቆይተን እንፈትሻለን። የዲዲቲ ቅሪት በሐይቁ ዓሣ ላይ ተገኝቷል፤ ቆሮሶና አምባዛ ደግሞ የሕዝብ ምግብ ነው። አስተያየታችሁን ጻፉ።

ከማይክሮባዮሎጂ ቡድን፦ እስማማለሁ። ገምጋሚዎች ግን “አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ በሆነ፣ ነፋስ በሚንጠው ሐይቅ ኦክስጅን የሌለው የት ነው?” ማለታቸው አይቀርም። መልሱ ደለሉ ውስጥ ነው። ላይኛው ንብርብር ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ስለሚጨርሱት ጥቂት ሚሊሜትር ወረድ ሲባል አይገኝም። ከዚያ በታች ያሉት በኦክስጅን ፋንታ በናይትሬት፣ በማንጋኒዝ፣ በብረት፣ በሰልፌት ይተነፍሳሉ፤ መጨረሻ ላይ ሜቴን አመንጪዎቹ ይመጣሉ። ስለዚህ ናሙናው በቱቦ፣ ንብርብሩ ሳይረበሽ ይውጣ። በባልዲ የተዛቀ ጭቃ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከኬሚስትሪ ቡድን፦ “ዲዲቲ ምን ያህል እንደቀነሰ ይለካል” የሚለው ዓረፍተ ነገር እንዲወጣ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ኦክስጅን በሌለበት ከዲዲቲ አንድ ክሎሪን ወጥቶ ሃይድሮጅን ሲተካው ዲዲዲ ይሆናል፤ ኦክስጅን ባለበት በአብዛኛው ዲዲኢ። ሁለቱም መርዛማ ናቸው፣ ሁለቱም ቶሎ አይጠፉም። ሦስቱም አብረው ይለኩ፣ በክብደት ሳይሆን በሞል (በሞለኪውል ብዛት) ይመዝገቡ፤ ያኔ የጠፋውና ስሙን የቀየረው ይለያል። ተሕዋስያኑ በኦቶክሌቭ (በግፊት በሚሠራ የእንፋሎት መቀቀያ) የተገደሉበት ጭቃ ለማነጻጸሪያ የግድ ያስፈልጋል። ያለ እሱ ለውጡ የባክቴሪያ ሥራ ነው ማለት አንችልም።

ከአካባቢ ጥበቃ ቡድን፦ “ሐይቁ ራሱን ያጸዳል” የሚመስል ቃል አንድም ቦታ አይግባ። በአሜሪካ ሐድሰን ወንዝ ደለል ባክቴሪያዎች ከፒሲቢ (ሌላ ክሎሪን ያለበት የኢንዱስትሪ ብክለት) ላይ ክሎሪን ሲነቅሉ በግልጽ ታይቷል፤ ያም ሆኖ ደለሉ ከ2009 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በማሽን ተቆፍሮ ወጥቷል። ላክቴት (ለባክቴሪያ ምግብ የሚሆን ንጥረ ነገር) ጨምሮ ባክቴሪያን ማበርታትም በጠርሙስ ውስጥ ብቻ ይሁን። ሰው ከሚጠጣውና ከሚያሰግርበት ውኃ ላይ መሞከር አይገባም።

አስተባባሪ፦ ሦስቱንም ተቀብያለሁ። ጠርሙሶቹ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆዩ፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። የናሙናውን ክፍል ማይክሮባዮሎጂ፣ የልኬቱን ኬሚስትሪ ይጻፍ። አካባቢ ጥበቃ ቡድን ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ የናሙና ቦታዎቹን ይምረጥ፤ ጭቃው የት እንደሚጠልቅ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።