ስለ ኮሪዮግራፈር (የዳንስ አቀናባሪ) ኸርሚስ ፓን የምናዘጋጀው የፊልም ምሽት፦ የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

የፕሮግራም ክፍል
የተከበራችሁ አባላት፣ ረቂቁ አስተያየታችሁን ይጠብቃል። ኸርሚስ ፓን እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ ሜምፊስ ከግሪካዊ አባት ተወለደ። በ1933 ለአንድ የዳንስ ዳይሬክተር ረዳት ሆኖ ሲሠራ ከዳንሰኛውና ተዋናዩ ፍሬድ አስቴር ጋር ተዋወቀ፤ ከዚያ በኋላም አስቴር ከሠራቸው 31 ሙዚቃዊ ፊልሞች በ17ቱ አብሮት ሠርቷል። «ቶፕ ሃት» (1935)፣ «ኤ ዳምዘል ኢን ዲስትረስ» (1937) እና «ኪስ ሚ ኬት» (1953) እንዲታዩ እናቀርባለን።

ገንዘብ ያዥ
የማሳያ ፈቃድ ክፍያውን በጀታችን የሚችለው ለሁለት ፊልም ብቻ ነው።

አንዲት አባል
ረቂቁ የሰውየውን ሥራ ሳይሆን የፊልሞቹን ዝርዝር የያዘ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የአስቴር የዳንስ አጋር ጂንጀር ሮጀርስ በሌላ ቀረጻ ስትያዝ ፓን በእሷ ቦታ ቆሞ ከአስቴር ጋር ይለማመድ ነበር፤ ዳንሱ መልክ ከያዘ በኋላ ደግሞ የእሷን ድርሻ እርምጃ በእርምጃ ያስጠናታል። ቀረጻው ሲያበቃም የታፕ ጫማዋን (ወለል ሲመታ እንዲሰማ ከሥሩ ብረት ያለው የዳንስ ጫማ) ድምፅ ለብቻው የሚያስቀርጸው ብዙ ጊዜ እሱ ነበር፤ በመሆኑም ተመልካች ሮጀርስን እያየ የሚሰማው የፓንን እግር ነው። ይህን ሰው የማያውቀው ታዳሚ እንዲያውቀው ከልብ እመኛለሁ፤ ስለዚህ «ቶፕ ሃት» ሊቀር አይገባም።

ሌላ አባል
በእርስዎ ሐሳብ እስማማለሁ። በሁለተኛነት ግን «ኪስ ሚ ኬት» ይመረጥልኝ፤ ምክንያቱም ፓን በዚያ ፊልም ወጣቱ ቦብ ፎሲ ከካሮል ሄኒ ጋር የሚደንሳትን አጭር ክፍል ራሱ እንዲያቀናብራት ፈቅዶለታል። ፎሲ በኋላ ታዋቂ ኮሪዮግራፈርና ዳይሬክተር መሆኑን ለሚያውቅ፣ ያቺ ክፍል ብቻዋን ምሽቱን ታደምቃለች። የሌላው የሆሊውድ ኮሪዮግራፈር የበዝቢ በርክሊ ሥራዎችም ይጨመሩ ተብሎ ቀደም ሲል የተነሣውን ሐሳብ ግን አልደግፍም፤ እሱ ዳንሰኞቹን ከላይ በተሰቀለ ካሜራ እንደ አበባ ቅርጽ የሚያሳይ ሲሆን፣ አስቴርና ፓን ግን መላው ሰውነት ሳይቆራረጥ እንዲታይ ስለሚሹ፣ ሁለቱ መንገዶች በአንድ ምሽት አይጠቃለሉም።

የፕሮግራም ክፍል
ተቀብለናል። «ዳምዘል» ባይታይም፣ ፓን በዚህ ፊልም የዳንስ ዳይሬክሽን ኦስካር ማግኘቱና ሽልማቱ በዚህ ዘርፍ የተሰጠው ለሦስት ዓመት ብቻ መሆኑ በመግቢያ ንግግሩ ይገለጻል። ስለ ልምምዱና ስለ ታፕ ድምፁ የሚቀርበውን ማብራሪያ «ቶፕ ሃት» ከመጀመሩ በፊት እንዲያነቡልን ሐሳቡን ያነሡትን እኅታችንን እንጠይቃለን።